ጎኑን አሳየኝ

ቤት ገዢ ሁሉ አንድ ነው የሚል ደላላ ካለ ሥራውን የጀመረው ትናንት ነው ማለት ነው። ግድግዳ አንኳኪ አለ። ቆርቆሮ ቆጣሪ አለ። ከገባ እስኪወጣ ስለ ካርታና ስለ ግብር ብቻ የሚጠይቅ አለ። ተስማምቶ፣ እጅ ተጨባብጦ፣ በማግስቱ ሚስቱን አምጥቶ የሚያፈርስ አለ። ከሁሉም የሚብሰው ግን በሁለት ከተማ መሀል የቆመው ሰው ነው። እዚህ ሲሆን እዚያን ያመሰግናል፤ እዚያ ሲደርስ የዚህኛው ይናፍቀዋል። መንገዱን ከሹፌሩ በላይ ያውቀዋል፤ የትኛው ጉድጓድ ላይ ጭንቅላት ከጣሪያ እንደሚጋጭ ሳይቀር። እንዲህ ያለ ሰው ገጥሞት የማያውቅ የለም። አልገጠመኝም የሚል ካለ እሱ ራሱ ነው።

የዳንግላው ደላላ ጠሃ ከዚህ ወገን ንግሥት ጋር የተገናኘው በሚያዝያ፣ በገበያ ቀን ነው። ክብርት ወይዘሮ ያለምወርቅ፣ የግምጃ ቤት ከተማ ጡረተኛ መምህርት፣ ጃንጥላቸውን ተደግፈው ከጋሪ ወረዱና «የቤት ደላላ ማነው?» ብለው ጠየቁ። ዕድሜ ልካቸውን አንደኛ ክፍል ስላስተማሩ ድምፃቸውን ዝቅ ማድረግ አያውቁበትም፤ የገበያው ግማሽ ዞሮ አያቸው። እዚያ የቆሙት ደላሎች ሁሉ ሳያስቡት እጃቸውን አወጡ። እሳቸው ጠሃን መረጡት፤ እጁን ሳያወጣ አርፎ የቆመ እሱ ብቻ ነበር።

«ስማ ልጄ» አሉት። «የግምጃ ቤቱን ቤቴን ሸጫለሁ። ለሰኔ ሚካኤል አስረክባለሁ። ከዚያ በኋላ ሜዳ ላይ ነኝ። ወይ ዳንግላ፣ ወይ እንጅባራ፤ ከሁለቱ አልወጣም።»

«ይኸማ ቀላል ነው እትየ። ምን ዓይነት ቤት ነው የሚፈልጉ?»

«እሱን ሳየው እነግርሃለሁ።»

ልምድ ያለው ደላላ ይህችን መልስ ሲሰማ እግሬ አውጪኝ ይላል። ጠሃም ልምድ ነበረው፤ ግን ሴትዮዋ ብቻቸውን ናቸው። ባላቸው አቶ አዝመራው ካቻምና በክረምት ሞተዋል፤ አንዲት ልጃቸው ሜላት ተድራ ሐዋሳ ነች። ሰኔ ሚካኤል ደግሞ ሩቅ አልነበረም።

በሁለቱ ከተሞች መሀል ያለውን መንገድ ግንቦት እስኪጋመስ ተመላለሱበት። ወይዘሮ ያለምወርቅ ሚኒባስ ውስጥ ጉዳያቸውን አይደብቁም። ገና መቀመጫቸው ሳይሞቅ «እስቲ እናንተ፣ ቤት ልገዛ ነው፤ ዳንግላ ይሻላል እንጅባራ?» ብለው ሸንጎ ይከፍታሉ። መሀል መንገድ ላይ ያለችው አዲስ ቅዳም ከተማ እስኪደርሱ ተሳፋሪው ለሁለት ተከፍሏል።

«እንጅባራ ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል» ይላል አንዱ።

«ብርድ ሰው ያጠነክራል! የዳንግላ ሰው ከገበያና ከወሬ በቀር ምን አለው?» ይላል ሌላው።

«ቅቤ አለው!» ትላለች ከኋላ አንዲት ሴት።

«ቅቤውን አቧራ ላይ ተቀምጦ ሊበላው?»

ረዳቱ ሂሳብ መሰብሰቡን ረስቶ ስለ እንጅባራ ውኃ ይመሰክራል። ወይዘሮ ያለምወርቅ ሁሉንም በጥሞና ያዳምጡና «ልክ ነህ» ይላሉ ለአንዱ፤ «አንቺም ልክ ነሽ» ይላሉ ለሌላዋ። ወደ እንጅባራ ሲሄዱ የዳንግላ ጠበቃ ናቸው። ሲመለሱ የእንጅባራ። ጠሃ አንገቱን ቀብሮ ይሄዳል።

ቤት ጠፍቶ አልነበረም። ጠሃ በእንጅባራ ምስጋናው የሚባል የሙያ ወዳጅ አለው፤ ሁለቱ ተባብረው ያላቸውን ሁሉ አሳዩ። መጀመሪያ ያሳዩአቸው ግቢው ሰፊ፣ አጥሩ ግንብ የሆነ የእንጅባራ ቤት ነው። ምስጋናው የብረት በሩን የከፈተው ደረቱን ነፍቶ ነበር። ወይዘሮ ያለምወርቅ ሳሎኑን እንኳ አልረገጡም። ግንቡን በጃንጥላቸው ጫፍ መታ መታ አደረጉት።

«ይኸ አጥር ነው እስር ቤት?» አሉ። ቀጥለውም ጠሃ ከዚያ በኋላ በሕልሙ ሳይቀር የሚሰማትን ቃል ተናገሩ። «ቤቱስ ደኅና ነው። ጎኑን አሳየኝ።»

«የቱን ጎን እትየ?»

«ጎረቤቱን ነዋ! ቤት ፊት ብቻ ነው እንዴ ያለው?»

ከዚያ ወዲህ ስለ ቤቱ አንድ ጥያቄ ጠይቀው አያውቁም። ጎረቤቱ ቀን ቤት ይውላል? እንቅልፉ ከባድ ነው? ሬዲዮ ያበዛል? ከወፍጮ ቤት አጠገብ ያለውን ጣሉ። ጣውላ ከሚሰነጠቅበት ጀርባ ያለውን ጣሉ። ሙዚቃው ከማያርፍ ግሮሰሪ አጠገብ ያለውን ከሩቁ ሰምተው ከባጃጁ ሳይወርዱ ጣሉ። በእንጅባራ አንድ ጎረቤት እጅግ የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው ሲባሉ ደጃቸው ድረስ ሄደው ሰላም አሏቸው። ሽማግሌው እጃቸውን ጆሯቸው ላይ ደግነው «አቤት?» አሉ። ወይዘሮ ያለምወርቅ «አልሆነም» ብለው ተመለሱ።

በዳንግላ ደግሞ ጠሃ ለማሳየት ያፈረበት አንድ የጭቃ ቤት ነበር፤ ከጎረቤቱ ጋር ግድግዳ የሚጋራ፣ ወዲያ ማዶ ሲያስነጥሱ ወዲህ «ይማርህ» የሚባልበት። ወይዘሮ ያለምወርቅ ግድግዳውን በመዳፋቸው እየደባበሱ «ይኸስ ደግ ነው!» አሉ። የጠሃ ልብ ዘለለ። ቀጥለው ጠየቁ። ጎረቤቱ ዘበኛ ነው፤ ሌሊት ሥራ ያድራል፣ ቀን ይተኛል። «አልሆነም።»

ሌሎቹ ደላሎች «ተዋቸው፣ ጊዜህን ነው የሚያቃጥሉ» አሉት። ጠሃ ግን ሊተዋቸው አልቻለም፤ ኮሚሽኑ ይዞትም አይደለም። ሰው ሁሉ ከጎረቤት የሚርቅበትን ቤት ሲፈልግ እኒህ ሴትዮ የሚጠጉበትን ነው የሚፈልጉ። ለምን? ጥያቄው ውስጡ ገብቶ እንቅልፍ ነሳው። ይህ የማወቅ አባዜ በዘር የመጣበት ነው፤ ወደ እናቱ ኋላ እንደርሳለን።

መልሱ የመጣው በግንቦት፣ ለሞት በሚያበቃ መንገድ ነው። በዳንግላ ሁለት ክፍል ያለው ደህና ቤት ተገኘ። ከጎኑ ውቢት የምትባል በርበሬ እየቀጠቀጠች የምትሸጥ ሴት ትኖራለች፤ ማዶ ባለ ጋሪ አለ፤ መንገዱ ሰው አያጣም። ወይዘሮ ያለምወርቅ ጎኑን ዞረው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ገብተው በክፍሉ መሀል ቆሙ።

«አንተ ውጭ ሁንና በሩን ዝጋብኝ» አሉት።

ጠሃ ዘጋ። እጀታውን ገና አልለቀቀም ነበር።

«ኡኡ! ኡኡ! የሰው ያለህ!»

ያ የትምህርት ቤት ሜዳ ሲያዳርስ የኖረ ድምፅ ነው። ውቢት እስከ ክርኗ በርበሬ እንደሆነች ዘነዘናዋን ይዛ አጥሩን ጥሳ መጣች። ባለ ጋሪው ፈረሱን ጥሎ አለንጋውን ይዞ ሮጠ። ከሻይ ቤት ሰው፣ ከልብስ ሰፊው ሰው፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ሰው ሁሉ ደረሰ። የደረሰው ሁሉ ያየው ደግሞ አንድ ነገር ነው፤ አንዲት አሮጊት ውስጥ ይጮኻሉ፣ አንድ ሰው በሩን ከውጭ ይዞ ቆሟል።

«ወላሂ ደላላ ነኝ!» ብሎ ጮኸ ጠሃ። ይህም አልጠቀመውም።

አንገትጌው ተይዞ፣ ዘነዘናው ከራሱ በላይ ተነስቶ ሳለ በሩ ተከፈተ። ወይዘሮ ያለምወርቅ ፊታቸው በደስታ በርቶ ብቅ አሉ። «ተባረኩ! ዘር ይውጣላችሁ! ደኅና ነኝ እኮ፤ ቤት እየመረጥኩ ነው።»

ውቢት ዘነዘናውን ዝቅ አደረገች። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር፤ በርበሬውም ድንጋጤውም ነው።

«እናቴ፣ ኡኡታ ይሞከራል?» አለች። «ሰው ሞተ ብዬ እኮ ነው የመጣሁት። ሁለተኛ ቢጮኹ የዚህ ሰፈር ሰው ሥራውን ጥሎ የሚመጣ ይመስልዎታል?»

ያን ጊዜ ነው ለወይዘሮ ያለምወርቅ የገባቸው። ሁለት ከተማ ሲያስሱ ከርመው ያገኙትን አንድ ሰፈር በራሳቸው ጉሮሮ አበላሹት። የዚያን ዕለት እሷን ይቅርታ፣ ባለ ጋሪውን ይቅርታ፣ ሁሉንም በየተራ ይቅርታ ሲጠይቁ ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ ብሎ ተሰማ። ከዚያ ጋሪው ላይ ወጥተው ጃንጥላቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙ። ጠሃ የተቀደደ አንገትጌውን እየነካካ አጠገባቸው ተቀመጠ።

«ካቻምና ነሐሴ ነው» አሉ ጥቂት ከተጓዙ በኋላ፣ ሳይጠየቁ። «ከሰዓት በኋላ። አዝመራው ከወንበሩ ሊነሳ ሲል ወደቀ። አፉ ተያያዘ። ዝናቡ በረዶ ቀላቅሎ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፤ የራሴን ድምፅ እኔው አልሰማው። ጮኽኩ። ወጥቼ እንዳልጠራ እጄን ጭምቅ አድርጎ ይዞኛል። ጎረቤቶቼ በግራም በቀኝም ቤታቸው ነበሩ። ዝናቡ ሲያባራ ሰሙኝ። ያን ጊዜ እጄን ለቆኝ ነበር።»

ባለ ጋሪው ፈረሱን ቀስ አሰኘው።

«ክፉ ሰዎች አይደሉም» ቀጠሉ። «አለቀሱልኝ፣ ቀበሩልኝ፣ ዓመት ሙሉ አጽናኑኝ። ግን ደመና በመጣ ቁጥር ያን ቤት አልቻልኩትም። ሲዘንብ የሚሰማኝ ጎረቤት ነው የምፈልግ ልጄ። ሌላውማ ለእኔ ምን ያደርግልኛል?»

ጠሃ «እናገኛለን እትየ» አለ። ለደላላ ይህ ተራ ቃል ነው፤ እሱ ግን ያን ዕለት ከልቡ ነው ያለው።

በሳምንቱ ምስጋናው ከእንጅባራ ደወለ። የዘንድሮው ዝናብ እዚያ ቀድሞ ገብቷል፤ ጎኑ የሚያኮራ ቤትም ተገኝቷል። ሄዱ። ጎረቤትየዋ ሴት እንግዳ ተቀባይ፣ ጆሮዋ ንቁ፣ ቀን ከቤት የማትወጣ ነች። ወይዘሮ ያለምወርቅ ከውቢት ተምረዋልና አሁን ኡኡታ አልሞከሩም፤ ጉዳዩን በግልጽ አስረድተው ሴትዮዋን አስፈቀዱ። ጠሃና ምስጋናው ከሴትዮዋ ጋር ቤቷ ይቀመጣሉ፤ እሳቸው በሚገዛው ቤት ሆነው በስሟ ይጣራሉ።

ዝናቡ የእንጅባራ ዝናብ ነው። ሦስቱም አንገታቸውን አስግገው ጆሯቸውን ጣሉ። ቆርቆሮው ይጮኻል። ምስጋናው ትንፋሹን ያዘ። ሴትዮዋ ነጠላዋን ከጆሮዋ ላይ ገለጥ አደረገች። ቆርቆሮው ይጮኻል። ብዙ ቆይቶ ወይዘሮ ያለምወርቅ ጃንጥላቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆሙ።

«ሰማችሁኝ?» አሉ። ድምፃቸው ሻክሯል።

«መቼ ጠሩን እትየ?»

«ስጠራችሁ ነው እኮ የቆየሁ።»

ጎረቤትየዋ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ወይዘሮ ያለምወርቅ ግን እሷን አጽናኗት። «ምን ጥፋት አለብሽ? የዳንግላስ ቆርቆሮ ከሌላ ነገር ተሠርቷል እንዴ? ሲዘንብ ሁለቱም ከተማ አንድ ነው። እኔ ሞኟ ልዩነት ስፈልግ።» ሲመለሱ ሚኒባሱ ውስጥ ሸንጎ አልከፈቱም። ለአንዱም ከተማ ጠበቃ አልቆሙም። ጃንጥላቸውን አቅፈው በመስኮቱ ውጭ ውጭውን አዩ። ሰኔ ገብቶ ነበር።

አሁን ወደ ጠሃ እናት እንምጣ።

ጠሃ በዳንግላ ሊሸጠው ያልቻለ አንድ ቤት ነበረው። ቤቱ ደህና ነው፤ ዋጋውም ደህና ነው። ችግሩ ጎኑ ነው። ጎኑ ላይ የምትገኘው የገዛ እናቱ ቤት ናት። ክብርት ወይዘሮ ዋሲላ በር አንኳኩተው አያውቁም፤ ከገቡ በኋላ «ዝም ብዬ ልይ ብዬ ነው» ይላሉ፣ ይህም እንደ ማንኳኳት ይቆጠርላቸዋል። አዲስ ሙሽሮች ሊያዩ ሲመጡ ገብተው ለምን እስካሁን እንዳልወለዱ ጠየቁ፤ ከተጋቡ ወር አልሞላቸውም ነበር። አንድ የባንክ ሠራተኛ መኝታ ክፍሉን ሲለካ ከኋላው ቆመው ቦርሳው ውስጥ ምን እንዳለ ጠየቁ፤ ቀጥለው ጣሪያው በየት በየት እንደሚያፈስ በጣታቸው አሳዩት። ሌላው ገዢ ገና ከመኪና ሲወርድ የወጥ ሽታ ይዞ መጥቶ ኖሮ ምሳውን ምን እንደበላ ገምተው ነገሩት፤ ልክ ነበሩ፤ ሰውየው ተመልሶ አልመጣም። ጠሃ ገዢ ሲያመጣ እናቱን አስቀድሞ ዘመድ ጥየቃ ለመስደድ ይሞክራል። ዘመዶቻቸውም «ምነው መላክ አበዛህ?» ብለው ስሞታ አቅርበዋል።

ያን ቤት ለወይዘሮ ያለምወርቅ ያላሳየው አፍሮ ነው። ከእንጅባራ በተመለሱ ማግስት ግን ጠሃ ቁጭ ብሎ አሰበ። በዝናብ ጊዜ የሚሰማ ጆሮ በሁለቱም ከተማ የለም። ሳይጠራ የሚመጣ ሰው ግን አንድ ያውቃል።

እናቱን ሳይሸኝ፣ ዘመድም ሳያስቸግር፣ ወይዘሮ ያለምወርቅን ይዞ ሄደ። ቁልፉን ገና ሳያዞር ከኋላቸው ደረሱ።

«ዝም ብዬ ልይ ብዬ ነው» አሉ ወይዘሮ ዋሲላ። «አንቺ ነሽ እንዴ ያ ሁሉ ቤት ያየሽው? በርበሬ ሰፈር የጮኽሽው አንቺ ነሽ አይደል? ባል አለሽ?»

«ሞቷል» አሉ ወይዘሮ ያለምወርቅ።

«የእኔም። በምን ሞተ? ልጅሽስ የት ነች? ለምን አልሄድሽም እሷ ዘንድ? ጣሪያው ያፈሳል፣ ነግሮሻል?»

ጠሃ መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠው ወደደ። ወይዘሮ ያለምወርቅ ግን ጃንጥላቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ወደ ሴትዮዋ ጠጋ አሉ።

«ያፍስ» አሉ። «እርስዎ ቀን ቤት ይውላሉ?»

«የት እሄዳለሁ? ይኸ ልጅ ዘመድ ጥየቃ ካልሰደደኝ።»

«ዝናብ ሲዘንብስ?»

«ዝናብ ሲዘንብማ ይብስብኛል! ሰው ቤቱ ይከተትና ምን እንደሚሠራ አይታይ፣ አይሰማ። ሆዴን ባር ባር ይለኛል። ላስቲኬን ደርቤ በየቤቱ ካልዞርኩ አልቀመጥም።» ወይዘሮ ዋሲላ እግረ መንገዳቸውን ዋናውን ጥያቄ አመጡት። «ለመሆኑ ዕድሜሽ ስንት ነው?»

ወይዘሮ ያለምወርቅ ዕድሜያቸውን ለጡረታ ቢሮ የነገሩት እንኳ ተገድደው ነው ይባላል። አሁን ግን ጎንበስ አሉና በወይዘሮ ዋሲላ ጆሮ ነገሯቸው። ወይዘሮ ዋሲላ «አትዪም!» አሉ። ጠሃ ጆሮውን ቢያቆምም ቁጥሩ አመለጠው፤ እስከ ዛሬም ይቆጨዋል።

ውስጡን ሳያዩ ገዙት። መኝታ ክፍሉ ስንት እንደሆነ ያወቁት ዕቃቸውን ሲያስገቡ ነው፤ ያም ቢሆን የነገሯቸው ወይዘሮ ዋሲላ ናቸው።

ሐምሌ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረ። ጠሃ ሻይ ቤት ተቀምጦ ነበር። የመጀመሪያዎቹ የበረዶ ፍሬዎች ቆርቆሮውን ሲመቱት ብርጭቆውን አስቀምጦ ተነሳ። «የት ነው በዚህ ዝናብ?» እያሉት ወጣ። በጭቃው ውስጥ እየተንሸራተተ ደረሰ።

የወይዘሮ ያለምወርቅ በር ገርበብ ብሏል። ወንበሩ ባዶ ነው። ጃንጥላቸው ግድግዳው ላይ እንደተደገፈ ነው። ያን ጃንጥላ በበጋ እንኳ ጥለውት ሲወጡ አይቶ አያውቅም። ጓዳውን አየ፣ ጓሮውን አየ፣ ወደ እናቱ ቤት ሮጠ።

በሩ ተዘግቷል። ደጃፉ ላይ አንድ ትልቅ ላስቲክ ተንጠልጥሎ ውኃ ያንጠባጥባል። ጠሃ በሩን ደበደበ። «እማዬ! እማዬ! እትየ ያለምወርቅ!» ድምፁን እሱ ራሱ አልሰማውም። በመስኮቱ ስንጥቅ አጮለቀ።

ሁለቱ ሴቶች በመሀላቸው የተቀቀለ ድንች አስቀምጠው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ወይዘሮ ያለምወርቅ አንድ ድንች ወደ ላይ አንስተው ያሳያሉ። ወይዘሮ ዋሲላ በእጃቸው ያባርሩታል። ሁለቱም አፋቸውን እስከ ጥግ ከፍተው ይጮኻሉ፤ የሚሉት አይሰማም። ጠሃ ግን አላጣውም። ድንቹ የእንጅባራ ነው፤ እንጅባራ በድንቿ ትኮራለች። ወይዘሮ ያለምወርቅ ዳንግላ ገብተዋልና አሁን የእንጅባራ ጠበቃ ናቸው።

እንደገና ደበደበ። እንደገና ጮኸ። ማንም አልሰማውም። ውኃው በአንገትጌው እየገባ በጀርባው ሲወርድ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ተለጥፎ ቆመ፤ ሳቁ ግን አልለቀቀውም። ወዲያው በሩ ብርግድ አለ። እናቱ ናቸው።

«ሰማሽኝ እንዴ?» አለ ጠሃ።

«በዚህ ዝናብ ምኑን እሰማለሁ!» አሉ ወይዘሮ ዋሲላ፣ ከእግር እስከ ራሱ እያዩት። «ዝም ብዬ ልይ ብዬ ነው።»